ገንዘቡ የት ገባ?

ገበያ የዋለ ሰው ማታ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ኪሱን ይዳብሳል። ጠዋት ይዞት የወጣውን ብር ያውቀዋል። በእጁ የቀረውንም ይቆጥረዋል። በመካከሉ ያለው ግን ይጠፋበታል። «ጨው ገዛሁ፣ ስኳር ገዛሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፤ ሌላውስ የት ገባ?» ይላል። ጥቂት ያስብና ይሰለቸዋል። «የዛሬ ገንዘብ በረከት የለውም» ብሎ ይተኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በእናንተም ቤት ሳይደርስ አይቀርም። ለመሆኑ በረከት የጎደለው ገንዘቡ ነው ወይስ ሒሳቡ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። የምናየውም በአንድ ቤት በደረሰ ነገር ነው።

የእረፍት ጊዜ ሲያልቅ

እኔ ለማስተማር የተመደብኩት ከአሰላ በስተደቡብ፣ በሳጉሬ አቅጣጫ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ ይበቅልበታል። ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ከዚያ ይታያል።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። ባለቤታቸው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፍም ደብተርም ስላልነኩ ረሱት። ፊደልም እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል።

የእማማ ልጅ በሳውዲ አረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ከሠራች በኋላ የሁለት ወር እረፍት ተሰጥቷት በሚያዝያ ወር አገሯ ገባች። ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ጎረቤት መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ ከቦቆጂም ከኢተያም ሰው መጣ። ሁለት ወር እንደ ሁለት ቀን አለፈ። ሰኔ ገባ። የመመለሻዋ ቀን ደረሰ።

ልጅቱ ልትሄድ ስድስት ቀን ሲቀራት እማማ ደብተራቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጄ፣ የማዳበሪያ ገንዘብ የለም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ይዛው መጥታ በባንክ የመነዘረችው ገንዘብ 120,000 ብር ነበር። በመጣች ዕለት «ከዚህ ላይ 16,000 ብር ለማዳበሪያ ይቀመጣል» ተብሎ ተስማምተዋል። አሁን በቤቱ የቀረው 3,200 ብር ብቻ ነው። ማዳበሪያ ካልተገዛ ገብሱም ስንዴውም ይቀጭጫል። የቀረው መላ ጊደሯን መሸጥ ነው። ጊደሯ ደግሞ ነገ ላም የምትሆን የቤቱ ተስፋ ናት።

አባትየው «ልጅቱ ገንዘቡን አባከነችው» ብለው ተቆጥተዋል። ልጅቱም «ያወጣሁት ለእናንተ ነው» ብላ ታለቅሳለች። እናትየው በመሃል ተጨንቀዋል።

«ማን እንደበላው እወቅልኝ» አሉኝ።

«ማንም አልበላው ይሆናል፤ መጀመሪያ እንጻፈው» አልኳቸው።

ማታ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን ተቀመጥን። አንዱ ያስታውሳል፣ ሌላው ያርማል፣ እማማ ይጽፋሉ። ሥራው ሦስት ምሽት ፈጀብን። ወጪው በመጨረሻ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦

ለመኪናና ለመንገድ ..... 11,000 ብር
ለገበያና ለሱቅ ዕቃ ..... 27,500 ብር
በከተማ ለምግብና ለመጠጥ ..... 24,000 ብር
ለዘመድ በእጅ የተሰጠ ..... 18,500 ብር
ለቆርቆሮና ለሚስማር ..... 22,000 ብር
ለአንድ ዘመድ የተበደረ ..... 6,000 ብር
ድምር ..... 109,000 ብር

ከ120,000 ላይ 109,000 ሲቀነስ 11,000 ይቀራል። በእጅ ያለው ግን 3,200 ነው። እንግዲህ 7,800 ብር የት እንደገባ ማንም አላወቀም።

ሌባ አልነበረም። ብቻውን ገንዘቡን የጨረሰ ሰውም አልነበረም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አወጡ፤ ማንም ግን አልደመረም። አባትየው ዝርዝሩ ሲነበብላቸው ዝም አሉ። ምክንያቱም «ቆርቆሮው ይለወጥልኝ» ያሉት ራሳቸው ነበሩ። «ማን በላው?» የሚለው ጥያቄ «በምን በምን ወጣ?» ወደሚለው ተለወጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጠብ ያመጣል። ሁለተኛው ግን መላ ያመጣል።

አሁን ከዝርዝሩ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሚዛንን ማወቅ

ገበሬ ወደ ገበያ የሚሄደው ለመሸጥም ለመግዛትም ነው። በሁለቱም ጊዜ ይሰፈራል። በቁና፣ በጣሳና በስልቻ መስፈር የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ አንዱ ጣሳ ከሌላው ጣሳ እኩል አለመሆኑ ነው። ደግሞም ተከምሮ የተሰፈረና አፉ ተጠርጎ የተሰፈረ አንድ አይደለም። ኪሎ ግን በአሰላም በአዳማም፣ በአዲስ አበባም በጅዳም ያው ነው። 1 ኪሎ 1,000 ግራም ነው። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው።

ሚዛን ፊት ስትቆሙ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሚዛኑ ቀስት ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ዜሮ ላይ ካልቆመ ከመጀመሪያውም ተዛብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቀነሰው የከረጢቱ ክብደት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። «ለከረጢት» ተብሎ ብዙ ኪሎ ከተቀነሰ ባዶውን ከረጢት ራሱን አስመዝኑ።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን በራሳችሁ ዓይን አንብቡ። ሌላው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ሚዛኑ ራሱ የሚዋሽ ቢሆንስ? ለዚህም መላ አለ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በ1 ሊትር ጠርሙስ እየሰፈራችሁ 20 ጊዜ ወደ ጀሪካን ጨምሩ። ውሃው 20 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ባዶው ጀሪካን ደግሞ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ትክክለኛ ሚዛን 21 ኪሎ ገደማ ማሳየት አለበት። 18 ወይም 19 ካሳየ ያ ሚዛን ከእናንተ እህል ላይ ይሰርቃል። ከአንድ ኩንታል 3 ኪሎ ቢጎድል ትንሽ ይመስላል። 10 ኩንታል ለሸጠ ሰው ግን 30 ኪሎ ነው።

ገብስ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ጥራቱን ማወቅ ይጠቅማል። በአሰላ ከተማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የብቅል ፋብሪካ አለ። ብቅሉ ለቢራ ይውላል። በፋብሪካ የሚደረገው ሥራ በቤታችን ለጠላ ከምናደርገው ብዙ አይለይም። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም ይደርቃል። ታዲያ እርጥበት የነካውና የሻገተ ገብስ አይበቅልም። ሳይበቅል የሚቀር ገብስ ለብቅል አይሆንም። ስለዚህ ገብሱን በደንብ አድርቁት፣ አበጥሩት፣ ዓይነቱን አትደባልቁት። ንጹሕ ገብስ ያለው ሰው ዋጋ ሲከራከር አንገቱን ቀና አድርጎ ነው።

ትልቁ ዕቃና ትንሹ ዕቃ

የእማማ ቤት ለገበያና ለሱቅ 27,500 ብር አወጣ። እንግዳ ስለበዛ በየቀኑ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ዘይት» እየተባለ በትንሽ በትንሹ ይገዛል። ብር ሲያልቅ በዱቤ ይመጣል። ዱቤውን የሚጽፈው ባለሱቁ ብቻ ነው።

በትንሹ መግዛት ብዙ ጊዜ ያስወድዳል። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ1 ሊትር ዘይት ዋጋ 250 ብር ነው እንበል። የ5 ሊትሩ ደግሞ 1,150 ብር ነው እንበል። የትኛው ይረክሳል? 1,150ን ለ5 እናካፍል። 230 ይመጣል። ስለዚህ የ5 ሊትሩን የገዛ ሰው በእያንዳንዱ ሊትር 20 ብር፣ በጠቅላላው 100 ብር ያተርፋል። ነገር ግን ትልቁ ዕቃ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት አይደለም። አካፍሎ ማየት ያስፈልጋል።

በዱቤ የሚገዛ ሰው ሁለት ደብተር ያስፈልገዋል። አንዱ በባለሱቁ ዘንድ፣ ሌላው በራሱ ቤት ይሁን። ዕቃው በመጣ ቁጥር በሁለቱም ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ይመሳከሩ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ሁለቱንም ሰዎች ከክርክር ያድናል።

በታሸገ ዕቃ ላይ ደግሞ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእነሱ ዓመት ከእኛ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7 ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ በ8 ይበልጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ያለፈበትን ዕቃ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ሊበላ ይችላል።

ምግብ ቤት ስንገባ

ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ያነጋገረን በከተማ ለምግብና ለመጠጥ የወጣው 24,000 ብር ነው። ልጅቱ በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ቤተሰቧንና ጓደኞቿን አሰላ ወስዳ ጋብዛለች። 24,000 ለ8 ሲካፈል በአንድ ጊዜ 3,000 ብር ማለት ነው።

አባትየው «ቤት እንጀራ እያለ!» ብለው ሊቆጡ ሲሉ ልጅቱ እንዲህ አለች፦ «አባቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት አብስያለሁ፣ አቅርቤያለሁ፣ ሳህን አጥቤያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ የሚያቀርብልኝ አላገኘሁም። እዚህ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሰው ሲያስተናግደን ጊዜ ደስ አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገራትም። እኔም ይህን እጽፋለሁ፦ መጋበዝ ጥፋት አይደለም። የደከመ ሰው ደስታ ያስፈልገዋል። ጥፋቱ ስንት እንደሆነ ሳያውቁ መጋበዝ ነው። ከስምንቱ ግብዣ ልጅቱ ራሷ የፈለገችው ሦስቱን ብቻ ነበር። የቀሩት አምስቱ በይሉኝታ የመጡ ናቸው። «ከውጭ መጥታ ሻይ እንኳ አልጋበዘችንም» እንዳይሏት ፈራች። ይሉኝታ ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም።

ከስምንቱ ግብዣ የአንዱ ደረሰኝ በልጅቱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። እማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦

ምግብ ..... 2,400 ብር
መጠጥ ..... 400 ብር
ድምር ..... 2,800 ብር
ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ..... 420 ብር
ጠቅላላ ..... 3,220 ብር

«ይህ 420 ብር ማን የበላው ነው?» አሉ አባትየው። ይህ ቫት የሚባለው ግብር ነው። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን መጠኑም 15 በመቶ ነው። ከገዢው ተሰብስቦ ለመንግሥት ይገባል። ግብሩን ለመሰብሰብ የተመዘገበ ቤት ደረሰኝ መስጠት አለበት። ደረሰኝ ሳይሰጥ «ቫት» ብሎ የሚጨምር ካለ ደረሰኙን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

15 በመቶን በራስ ለማስላት ቀላል ዘዴ አለ። መጀመሪያ አንድ አሥረኛውን ያዙ። የ2,800 አንድ አሥረኛ 280 ነው። ከዚያ የዚያን ግማሽ ያዙ፤ 140 ነው። ሁለቱን ደምሩ፤ 420 ይሆናል። ትክክል ነው ማለት ነው።

ምግብ ቤት ስንገባ የሚከተሉትን አንርሳ፦

ከማዘዛችን በፊት የዋጋውን ዝርዝር እናንብብ። በግድግዳ ላይ ወይም በወረቀት ላይ ይገኛል። ዋጋው ግብሩን ይጨምር እንደሆነም እንጠይቅ። ዋጋ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ከበሉ በኋላ መጨቃጨቅ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ የበላነውና የተጻፈው አንድ መሆኑን እናመሳክር። ያልበላነው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሰው ይሳሳታልና በትሕትና ማሳረም ነው።

እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ጥሬ ሥጋም ባንበላ ይመረጣል። የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ወይም በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን ትሉን አያስተላልፍም። በግብዣ የሚገኝ በሽታ ከግብዣው የበለጠ ያስወጣል።

ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ

ብዙ ሰው «የውጭ ገንዘብ አያልቅም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው።

ገንዘብ ከውጭ ሲላክ ሁለት ነገር ይቀንሰዋል። አንዱ የላኪው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው የምንዛሪው ዋጋ ነው። «ለመላክ በነጻ» የሚል ድርጅት በምንዛሪው በኩል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ላኪዋ «ስንት ያስከፍላሉ?» ብቻ ሳይሆን «እናቴ እጅ ስንት ብር ይደርሳል?» ብላ መጠየቅ አለባት።

የብር ምንዛሪም ይለዋወጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ወር መንግሥት የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ ለሚላክለት ሰው ብሩ በዛለት። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ዕቃ፣ ማዳበሪያም ጭምር፣ በዶላር የሚገዛ ነው። ብሩ ሲበዛ ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ የብሩን ብዛት ብቻ አይቶ «ሀብታም ሆንኩ» ማለት አይገባም።

ከሁሉም በላይ፣ የውጭ ሥራ በአንድ ቀን ሊቆም ይችላል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ አረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በእጃቸው ምንም አልነበራቸውም። የላኩት ገንዘብ ቤት ውስጥ ተበልቶ የጠበቃቸውም ነበሩ። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ገንዘብ ቋሚ ነገር ማስቀረት የላኪዋን ላብ ማክበር ነው።

በስልክ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎችም አሉ። ቴሌብር የተባለው አገልግሎት የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ በስልኩ ላይ መልእክት ይመጣል። ማንበብ የቻለ ሰው መልእክቱን ራሱ ያነባል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለማንም አይነግርም፤ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም ቢሆን።

ቲኬቱን ያነበብን ምሽት

ሒሳቡን ጨርሰን ልንነሣ ስንል ልጅቱ ቲኬቷን አሳየችኝ። በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ጁን 24፣ ሰዓቱም 02:00 ነበር። ቤተሰቡ ይህን «ሰኔ 17 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለው ተረድተውታል። በ17 ጎሕ ሲቀድ ከቤት ሊወጡ ተዘጋጅተዋል።

ቀኑን በትክክል ቀይረውታል። በዚያ ዓመት ጁን 24 በእኛ ሰኔ 17 ነው። ሰዓቱ ላይ ግን ተሳስተዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። 02:00 ማለት ከዚያ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን ኖሮ 14:00 ተብሎ ይጻፍ ነበር። እንግዲህ አውሮፕላኑ የሚነሣው ለ17 አጥቢያ ሌሊት ነው። እነርሱ በ17 ጠዋት ቢወጡ ኖሮ ቦሌ የሚደርሱት አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነበር። አዲስ ቲኬት ደግሞ ከማዳበሪያውም የበለጠ ያስወጣል።

እማማ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ። «አንድ ቀን ልናጣ ነበር!» አሉ። ከዚያም በደብተራቸው ላይ በትልቁ ጻፉ፦ «ሰኔ 16 ጠዋት ከቤት መውጣት።» ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎሜትር ያህል ነው። መንገደኛ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ጣቢያው መድረስ ይገባዋል።

ሻንጣውም ቀረ። እናት ለልጇ ስትሰንቅ አታዝንም። በሶ 6 ኪሎ፣ ጩኮ 3 ኪሎ፣ በርበሬ 5 ኪሎ፣ ሽሮ 6 ኪሎ፣ ቡና 4 ኪሎ አዘጋጅተዋል። ይህ 24 ኪሎ ነው። ባዶው ሻንጣ 3 ኪሎ ይመዝናል። ጠቅላላው 27 ኪሎ ሆነ። በቲኬቱ ላይ ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው ግን 23 ኪሎ ነው። 4 ኪሎ ይተርፋል። ለትርፉ በአውሮፕላን ጣቢያ ይከፈላል፤ አለዚያም ሻንጣ ተከፍቶ በሰው ፊት ዕቃ ይወጣል። እኛ ግን ከጎረቤት በተዋስነው ተንጠልጣይ ሚዛን እቤት መዘንነው። ሚዛኑንም አስቀድመን በውሃ ፈትነነው ነበር። እማማ ከበሶው 2፣ ከሽሮው 2 ኪሎ ቀነሱ። ጩኮውን ግን አልነኩትም። «ይህ በቅቤዬ የታሸ ነው» አሉ።

ማዳበሪያው እንዴት ተገዛ?

በእጅ ከነበረው 3,200 ብር ላይ 1,200 ብር ለመንገዷ ተቀነሰ። 2,000 ቀረ። 6,000 ብር የተበደረው ዘመድ ተጠይቆ 4,000 መለሰ። እንግዲህ 6,000 ብር ሆነ። ከ16,000 ለመድረስ 10,000 ይጎድላል። ጊደሯ ከምትሸጥ አንድ በግና አንድ ኩንታል ገብስ ይሸጥ ተባለ።

ገብሱን ለሁለት ከፍለን በዚያው ሚዛን እቤት መዘንነው። 50ና 50፣ በጠቅላላው 100 ኪሎ ሆነ። ገበያ ላይ የመጀመሪያው ነጋዴ ሚዛን 96 አሳየ። እማማ አልተጣሉም። ከረጢቱን አስነሥተው ወደ ሌላ ሄዱ። በዚያኛው ሚዛን 100 ሆነ። በአንድ ኩንታል 4 ኪሎ አዳኑ። በግና ገብሱ አንድ ላይ የጎደለውን 10,000 ብር ሞሉት። ማዳበሪያው ተገዛ። ጊደሯም በበረቷ ቀረች።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ገንዘብ እጃችሁ በገባ ዕለት ለሦስት ክፈሉት። አንደኛው ለሥራ ነው፦ ለማዳበሪያ፣ ለዘር፣ ለልጆች ትምህርት። ይህ መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ባንክ ቢገባ ይሻላል። ሁለተኛው ለቤትና ለእንግዳ ነው። ግብዣም ከዚህ ይወጣል። ይህ ሲያልቅ ግብዣው ያልቃል። ሦስተኛው ለመመለሻና ለድንገተኛ ነገር ነው።

ከዚያም አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በአራት መስመር ክፈሉት፦ ቀን፣ ምን ተገዛ ወይም ምን ገባ፣ ስንት ብር፣ ቀሪ ስንት። በየማታው ጻፉ። አንድ ሳምንት ከቆየ ይረሳል። የማይጽፍ ሰው ካለ ልጁ ይጻፍለት፤ ግን ተነብቦለት ይስማ።

ልጅቱ በሰኔ 16 ጠዋት ሄደች። ሁሉም አለቀሱ። ያን ማታ እማማ በደብተራቸው አዲስ ገጽ ገለጡና አባትየው እያዩ እንዲህ ጻፉ፦

«ሰኔ 16። ለመንገድ 1,200 ብር። ልጄ ሄደች። ለማዳበሪያ 16,000 ተከፍሏል። ዕዳ የለብንም።»

አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ያቺን ፊደል እንደገና አሳይኝ፤ የማውቃት ይመስለኛል» አሏቸው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በእማማ ቤት የት እንደገባ ያልታወቀው ገንዘብ ስንት ብር ነው? እንዴት ተገኘ?
2. አንድ ሚዛን ትክክል መሆኑን በውሃ እንዴት ትፈትናላችሁ?
3. የ3 ሊትር ዘይት ዋጋ 720 ብር፣ የ1 ሊትሩ 250 ብር ቢሆን የትኛው ይረክሳል? በስንት?
4. የምግብ ዋጋ 600 ብር ቢሆን 15 በመቶው ስንት ይሆናል? ጠቅላላውስ?
5. በቲኬት ላይ 03:00 ተብሎ የተጻፈ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው? ቀን ነው ወይስ ሌሊት?
6. ባለፈው የገበያ ቀን በቤታችሁ የወጣውን ገንዘብ ጻፉና ደምሩ። ያልታወቀ ስንት ብር ተገኘ?